ሁለተኛው እይታ፦ ደግመን ልናያቸው ስለሚገቡ ፊልሞች

(ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት)



በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ከቁጥር 22 እስከ 26 ጌታችን በቤተ ሳይዳ የፈወሰው የአንድ ዕውር ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ተአምር ከሌሎቹ የሚለየው ሰውየው የዳነው በሁለት ደረጃ በመሆኑ ነው። ጌታ መጀመሪያ እጁን ሲጭንበት ዕውሩ ሰዎችን አየ፤ ነገር ግን እንደሚንቀሳቀሱ ዛፎች ሆነው ታዩት። ጌታ ዳግመኛ እጁን በዓይኖቹ ላይ ሲያኖር ግን ሁሉን አጥርቶ ተመለከተ። ከዚህ የምንረዳው የተከፈተ ዓይን ሁሉ ያያል ማለት እንዳልሆነ ነው። ሰውን እያዩ ሰው መሆኑን አለማስተዋል አለ፤ ከዚህም ለመዳን ሁለተኛ እይታ ያስፈልጋል።

ስለ ፊልም በሚናገር ጽሑፍ መግቢያ ላይ ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዛሬው ኑሯችን ዓይናችን ብዙ ሰዓት የሚያርፈው በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ መስታወት ላይ ነው። በአንድ ምሽት ሲስቁ፣ ሲያለቅሱ፣ ሲጣሉና ሲሞቱ የምናያቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ስንቶቹን እንደ ሰው አየናቸው? ስንቶቹስ እንደ ዛፍ አለፉን? ደግሞስ በመስታወቱ ላይ ሰውን እንደ ዛፍ ማየት የለመደ ዓይን፣ ከቤት ሲወጣ በደጅ የተቀመጠውን ድኻ እንዴት ያየዋል? የዚህ ጥናት ዓላማ ይህን ጥያቄ መመርመር ነው። ለዚህም እንዲረዳን ከአንድ ጊዜ በላይ ሊታዩ የሚገባቸውን ሦስት ፊልሞች እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ስለ ፊልም የሚሰጡ ሁለት አስተያየቶች

ሲኒማ ወደ ሀገራችን በገባበት ዘመን የአዲስ አበባ ሕዝብ ፊልም ይታይበት የነበረውን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ይጠራው እንደ ነበር ይታወቃል። በጨለማ ክፍል ውስጥ አካል የሌለው ሰው በነጭ ጨርቅ ላይ ሲሄድና ሲመጣ ማየት ለዚያ ዘመን ሰው አስደንጋጭ ነበርና ስያሜው አያስደንቅም። ዛሬ ስሙ ቢቀርም አስተሳሰቡ ፈጽሞ አልጠፋም። ፊልም ሁሉ ወጣቱን የሚያበላሽ ነው ብለው የሚያምኑ፣ መድኃኒቱም መከልከል ብቻ ነው የሚሉ ወላጆችና መምህራን ዛሬም አሉ። ጭንቀታቸው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ሆኖም በቤት የተከለከለ ልጅ በጓደኛው ስልክ ያያል፤ ያየውንም የሚጠይቀው አዋቂ አያገኝም።

ሁለተኛው አስተያየት የዚህ ተቃራኒ ነው። «ፊልም ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ምን ያመጣል?» ይላል። ይህ አባባል ከፊተኛው ይልቅ የተስፋፋ ይመስላል። የውጭ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ እየተተረጎሙ በየቤቱ መታየት ከጀመሩ ወዲህ፣ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ የእራት ሰዓት፣ እንግዳ የመቀበያ ሰዓት፣ የመቁጠሪያ ጸሎት ሰዓት ሳይቀር ለድራማው ሰዓት ቦታውን መልቀቅ ጀምሯል። በየምሽቱ የቤቱን ሥርዓት የሚወስን ነገር ምንም አያመጣም ሊባል አይችልም።

ቤተ ክርስቲያን ግን ከሁለቱም አስተያየቶች በአንዱም አልሄደችም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1936 ስለ ፊልም ብቻ የሚናገር ሐዋርያዊ መልእክት ጽፈው፣ ይህ አዲስ ጥበብ ሕዝብን ለማስተማርም ለማሳሳትም ታላቅ ኃይል እንዳለው አስገነዘቡ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ደግሞ ዲሴምበር 4 ቀን 1963 ባወጣው ድንጋጌ የመገናኛ ብዙኃንን ከድንቅ የሰው ልጅ ግኝቶች መካከል ቈጥሮ፣ ምእመናን በማስተዋል እንዲጠቀሙባቸው አሳሰበ።

ከዚህም የሚበልጥ ግልጽ ምልክት አለ። ሲኒማ በፓሪስ ከተማ ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ለሕዝብ ከታየ 100 ዓመት በሞላበት በ1995፣ በቫቲካን ይገኝ የነበረው ጳጳሳዊ የማኅበራዊ መገናኛዎች ምክር ቤት የ45 ፊልሞችን ዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩ 15ቱን በሃይማኖት፣ 15ቱን በግብረ ገብ እሴቶች፣ 15ቱን በኪነ ጥበብ ረድፍ ያስቀመጠ ነው። የሚያስገርመው በዚህ ዝርዝር የቅዱሳን ታሪኮች ብቻ አለመገኘታቸው ነው። ሥራ ያጣ የሮም ሰው ታሪክ አለበት፤ የልጆች ተረት አለበት፤ በእግዚአብሔር አላምንም ይል የነበረው ጣልያናዊው ፓዞሊኒ በ1964 የሠራው የማቴዎስ ወንጌል ፊልምም አለበት። ቤተ ክርስቲያን እውነትን ባገኘችበት ሁሉ ታከብራለችና። ከዚህ በታች የምናያቸው ሦስቱም ፊልሞች ከዚሁ ዝርዝር የተወሰዱ ናቸው።

2. ደግሞ ሊታይ የሚገባው ፊልም የትኛው ነው?

ብዙ ጊዜ ፊልም የምናየው «መጨረሻው ምን ይሆን?» በሚል ጉጉት ነው። ጉጉት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ልጅን ለተረት የሚያስቀምጠውም እርሱ ነው። ነገር ግን በጉጉት ብቻ የቆመ ፊልም መጨረሻው ከታወቀ በኋላ እንደ ተመጠጠ ሸንኮራ ነው፤ ይጣላል እንጂ ዳግመኛ አይቀመስም።

በአንጻሩ መጨረሻው ከታወቀ በኋላ ሥራውን የሚጀምር ፊልም አለ። ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። ቅኔ የሚሰማ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ሰሙን ነው፤ ወርቁ የሚገለጥለት ተመልሶ ሲያስበው ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም የጌታን የሕማማት ወንጌል በየዓመቱ ታነብልናለች። ጴጥሮስ እንደሚክድ አስቀድመን ስለምናውቅ፣ በራት ጊዜ በድፍረት የተናገረውን ቃል በሌላ ጆሮ እንሰማዋለን፤ በእርሱም ውስጥ ራሳችንን እናገኛለን።

ስለዚህ መለኪያችን ይህ ይሁን፦ በመጀመሪያው ጊዜ ሳናስተውለው ያለፍነውን ሰው በሁለተኛው ጊዜ የሚያሳየን ፊልም ደግሞ ሊታይ ይገባዋል።

3. ሦስት ፊልሞች

ሀ/ «የብስክሌት ሌቦች» (ጣልያን፣ 1948)

ይህን ፊልም ያዘጋጀው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ነው። ዋናውን ሰው ሆኖ የሚታየው ላምቤርቶ ማጆራኒ የሙያ ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረ። ታሪኩ የሚፈጸመው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በድኽነት በተጨነቀችው በሮም ከተማ ነው። ለረጅም ጊዜ ሥራ ያጣው አንቶንዮ በግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ግን ብስክሌት ያስፈልገዋል፤ ብስክሌቱ ደግሞ በችግር ምክንያት በመያዣነት ተሰጥቷል። ሚስቱ ማርያ የአልጋ አንሶላዎቹን አንሥታ በምትኩ በማስያዝ ብስክሌቱን ታስመልስለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ብስክሌቱ ይሰረቃል። አባትና ትንሹ ልጁ ብሩኖ እሑድን ሙሉ በከተማው ሲፈልጉ ይውላሉ፤ አያገኙትም። በመጨረሻ አንቶንዮ ተስፋ ቈርጦ ራሱ የሌላ ሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ይሞክራል፤ በልጁ ፊትም ይያዛል፤ ይዋረዳል።

መጀመሪያ ስናየው ልባችን ያለው በብስክሌቱ ላይ ነው፤ ይገኝ ይሆን አይገኝ ይሆን እያልን እንጨነቃለን። እንደማይገኝ አውቀን ደግመን ስናየው ግን ዓይናችን ነጻ ይወጣል። ያን ጊዜ ከሚታዩን ነገሮች አንዱ የማርያ አንሶላዎች የተቀመጡበት ስፍራ ነው። ሠራተኛው ጥቅሉን ለማስቀመጥ መደርደሪያውን ተንጠላጥሎ ሲወጣ፣ ከታች እስከ ላይ የተደረደረው ሁሉ የሌሎች ቤተ ሰቦች አንሶላ ነው። የአንድ ሰው ችግር መስሎን የነበረው የመላው ከተማ ችግር ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው የሌባው ቤት ነው። አንቶንዮ ሌባውን ባገኘው ጊዜ ያ ሰው የሚኖርበት ክፍል ከአንቶንዮ ቤት የባሰ ድኻ ቤት መሆኑን እናያለን። ሦስተኛው ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሚከብደው ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጎ አድራጊዎች ለድኾች ምግብና ጸሎት አዘጋጅተዋል፤ ሁሉም በሥርዓት ነው። ነገር ግን አንቶንዮ በጭንቀት ሲራወጥ የሚያዩት ሥርዓት እንደሚያውክ ሰው ብቻ ነው፤ ምን ሆነህ ነው ብሎ የሚጠይቀው አንድ እንኳ የለም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተደበደበውን መንገደኛ ካህኑም ሌዋዊውም አይተውት እንደ ነበር እናስታውስ። ማየት አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ሳምራዊው የነበረው እይታ ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ያ እይታ የሚገኘው በመጨረሻ ነው። ብስክሌቱ ሊሰረቅበት የነበረው ሰው እያለቀሰ የቆመውን ብሩኖን አይቶ አባቱን ይለቀዋል። ብሩኖም የተዋረደውን አባቱን እጅ ይይዛል። የፊልሙ ስም «ሌባ» ሳይሆን «ሌቦች» የተባለበት ምክንያት የሚገባን ያን ጊዜ ነው፤ የተበደለውና በዳዩ በአንድ ሰው ውስጥ ተገናኝተዋልና።

ለ/ «ደኅና ሁኑ ልጆች» (ፈረንሳይ፣ 1987)

አዘጋጁ ሉዊ ማል ይህን ታሪክ ያገኘው ከገዛ ልጅነቱ ነው። የተማረበት የቀርሜሎሳውያን አዳሪ ትምህርት ቤት ኃላፊ አባ ዣክ፣ ፈረንሳይ በናዚዎች ተይዛ በነበረችበት ጊዜ ሦስት አይሁዳውያን ልጆችን በሐሰት ስም ከተማሪዎች ጋር ሸሽገው ነበር። በጃንዋሪ 1944 ነገሩ ተደርሶበት ተያዙ። ልጆቹ ወደ አውሽቪትዝ ተወስደው ተገደሉ። አባ ዣክም በማጎሪያ ካምፕ ብዙ ተሠቃይተው ነጻ ከወጡ በኋላ፣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይተው በጁን 1945 ዐረፉ።

በፊልሙ አባ ዣን የተባሉት ካህን የእኚህ አባት አምሳል ናቸው። ዋናው ባለ ታሪክ ዡልየን የሚባል ተማሪ ነው። ቦኔ ከሚባለው አዲስ ተማሪ ጋር መጀመሪያ ይፎካከራል፤ በኋላ ወዳጅ ይሆናል፤ ምሥጢሩንም ያውቃል። አንድ ቀን የናዚ ፖሊስ ወደ ክፍሉ ገብቶ አይሁዳዊው ማን እንደ ሆነ ሲጠይቅ ሁሉም ዝም ይላሉ። መኮንኑ ፊቱን ባዞረበት ቅጽበት ግን ዡልየን ሳያስበው ወደ ወዳጁ ዘወር ብሎ ያያል፤ መኮንኑም ያቺን እይታ ይይዛታል። በመውደድ የታየች አንዲት እይታ ወዳጅን አሳልፋ ሰጠች። ይህን ትዕይንት ያየ ሰው አይረሳውም።

ሆኖም ፊልሙን ደግመን ስናይ ከዡልየን እይታ በፊት የሚታየን ሌላ ሰው አለ፤ እርሱም በወጥ ቤት የሚሠራው አካለ ስንኩሉ ዦሴፍ ነው። ሸሻጊዎቹን የጠቆመው እርሱ መሆኑ የሚታወቀው በመጨረሻ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ክፉ ሰው ብለን እንፈርድበታለን። በሁለተኛው ጊዜ ግን ከፊልሙ መጀመሪያ አንሥቶ ተማሪዎቹ ሲገፈትሩት፣ ሲሳለቁበትና እግሩን እያዩ ሲስቁበት እንመለከታለን። እነዚያ የሀብታም ልጆች ከቤታቸው የመጣላቸውን ምግብ በድብቅ በእርሱ በኩል ይለዋወጡ ነበር። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ከሥራ የተባረረው እርሱ ብቻ ሆነ። አባ ዣን ራሳቸው ይህ ፍርድ ፍትሕ የጎደለው መሆኑን ይናገራሉ፤ ግን ያደርጉታል። እኚህ ካህን ለሀብታም ወላጆች ስለ ድኾች በድፍረት የሰበኩ፣ ነፍሳቸውንም ስለ ተሰደዱት አሳልፈው የሰጡ ቅን ሰው ናቸው። እንዲህ ያሉት ሰው እንኳ በገዛ ወጥ ቤታቸው ያለውን አንድ ድኻ ሳያዩት ቀሩ።

ይህ ማለት የዦሴፍ ክሕደት ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ንጹሓን ሞተውበታል። ነገር ግን ክፋት ከየት በኩል እንደሚገባ ያስተምረናል። በየቁምስናችን፣ በየትምህርት ቤታችንና በየቤታችን የማናየው ሰው ማን ነው? ዘበኛው ነው? የቤት ሠራተኛዋ ናት? ይህን ጥያቄ ከአንድ ሰዓት ስብከት ይልቅ ይህ ፊልም በጥልቀት ያስጠይቃል።

ሐ/ «የባቤት ግብዣ» (ዴንማርክ፣ 1987)

ጋብሪኤል አክሰል የተባለው አዘጋጅ ከደራሲዋ ካረን ብሊክሰን ታሪክ ወስዶ የሠራው ይህ ፊልም በ1988 ከውጭ ቋንቋ ፊልሞች መካከል ተመርጦ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በዴንማርክ ባሕር ዳርቻ ባለች ትንሽ መንደር ማርቲናና ፊሊፓ የሚባሉ ሁለት እኅትማማቾች ይኖራሉ። አባታቸው የፕሮቴስታንት መጋቢ ነበሩ፤ እነርሱም ከእርሳቸው ሞት በኋላ የቀሩትን ጥቂት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እየሰበሰቡ፣ ድኾችን እየመገቡ በታላቅ ቁጥብነት ይኖራሉ። በ1871 በፓሪስ በተነሣው ዐመፅ ባልዋንና ልጅዋን ያጣች ባቤት የምትባል ስደተኛ ወደ ቤታቸው መጥታ ያለ ደመወዝ ታገለግላቸዋለች። እኅትማማቾቹ የደረቅ ዓሣና የዳቦ ሾርባ አሠራር ያስተምሯታል፤ እርስዋም ዝም ብላ ትማራለች። ከ14 ዓመት በኋላ 10,000 ፍራንክ ሎተሪ ይደርሳታል። ትታን ትሄዳለች ብለው ሲያዝኑ፣ እርስዋ ግን መጋቢው የተወለዱበትን 100ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ለ12 ሰዎች አንድ ግብዣ እንድታዘጋጅ ፈቃድ ትለምናለች።

በዚህ ጊዜ የመንደሩ ምእመናን በአሮጌ ቂም ተለያይተው ነበር። የሚቀርበው ምግብም ኃጢአት እንዳይሆንባቸው ፈርተው፣ ስለ ምግቡ አንዲት ቃል ላለመናገር ይማማላሉ። ነገር ግን በማዕዱ ዙሪያ ተቀምጠው ሲበሉ ልባቸው ይፈታል፤ የተጣሉት ይታረቃሉ፤ የተካካዱት ይቅር ይባባላሉ። በመጨረሻ ባቤት በፓሪስ ስመ ጥር ምግብ ቤት ዋና ወጥ ቤት እንደ ነበረች፣ ሎተሪውንም እስከ መጨረሻው ሳንቲም ለዚህች አንዲት ማታ እንዳዋለችው እንሰማለን።

ይህን ካወቅን በኋላ ፊልሙን ከመጀመሪያው ስናየው የሚያስለቅሰን ግብዣው አይደለም፤ የዳቦ ሾርባው ነው። ያን ያህል ጥበብ በእጅዋ የያዘች ሴት፣ ሾርባ እንዴት እንደሚሠራ ሲያስተምሯት «አውቃለሁ» ሳትል ጎንበስ ብላ ስትሰማ እናያታለን። ለ14 ዓመት ለበሽተኞችና ለድኾች ያንኑ ሾርባ ሠራች፤ እየጣፈጠ ሄደ እንጂ ማንነትዋን አላወጀችም። ጌታችን በናዝሬት 30 ዓመት ያህል ተሰውሮ መኖሩን ለልጆች ለማስረዳት ለሚቸገር መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ስለ ማዕዱም ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በቅዱስ ቁርባን ዙሪያ እየተሰበሰብን ቂማችንን ይዘን የምንመለስ ሁሉ በእነዚያ ሽማግሌዎች ውስጥ ራሳችንን እናያለን።

ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ይህን ፊልም አጥብቀው ይወዱት ነበር። በ2016 ስለ ቤተ ሰብ ፍቅር ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር ውስጥም፣ ሌላውን ሰው ማስደሰት የሚሰጠውን ደስታ ሲያስረዱ ባቤት በግብዣው መጨረሻ የተመሰገነችበትን ትዕይንት አንሥተዋል።

4. ለቁምስናና ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ፊልም ለማሳየት ሲያስብ አስቀድሞ ራሱ እስከ መጨረሻው ይመልከተው። በ«የብስክሌት ሌቦች» ውስጥ ለትንንሽ ልጆች የማይመች አጭር ስፍራ አለ፤ «ደኅና ሁኑ ልጆች»ም ከፍ ላሉ ወጣቶች እንጂ ለሕፃናት አይስማማም። ሦስቱም ፊልሞች በአማርኛ የተሠሩ ስላልሆኑ፣ ንግግሩን የሚረዳ አንድ ሰው ዋና ዋናውን እንዲያስረዳ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ፊልም ከሁለት ሰዓት ያነሰ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ በሚደረግ ስብሰባ ሊታይ ይችላል።

ፊልሙ እንዳለቀ መምህሩ ወደ ስብከት አይሮጥ፤ «ማንን አያችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንኑ ፊልም ደግሞ አሳይቶ «አሁንስ ማንን አያችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ትምህርቱ ያለው በሁለቱ መልሶች መካከል ነው።

ወላጆችም በሳምንት አንድ ምሽት እንኳ ስልኮችን አስቀምጠው ከልጆቻቸው ጋር አንድ ፊልም ቢያዩና ቢነጋገሩበት፣ ከብዙ ክልከላ የሚሻል ጥበቃ ይሆናቸዋል። ከሀገራችን ሥራዎች ለአዋቂዎች የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008) ደግሞ መታየት የሚገባው ነው። የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልን ሕይወት የሚያሳየው የፈረንሳይ ፊልም «ሙሴ ቨንሳን» (1947) ደግሞ ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው፤ በ1839 ወደ ሀገራችን የመጡት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ የዚሁ ቅዱስ ማኅበር ልጅ ነበሩና።

5. ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ/ በቤታችን የምናያቸውን ድራማዎችና ፊልሞች የምንመርጠው እንዴት ነው? ወይስ እነርሱ ናቸው የምሽታችንን ሰዓት የሚመርጡልን?

2ኛ/ ከዚህ በፊት ካየኋቸው ፊልሞች ደግሜ ባየው ሌላ ሰው ያሳየኛል የምለው የትኛው ነው? ለምን?

3ኛ/ ከሦስቱ ፊልሞች በአንዱ ውስጥ መጀመሪያ የፈረድንበት፣ በኋላ ግን ያዘንንለት ሰው ማን ነው? በአካባቢያችን እርሱን የሚመስል ማን አለ?

4ኛ/ በቁምስናችን የምጽዋትና የአገልግሎት ሥራ ውስጥ ሥርዓቱን እየጠበቅን ሰውየውን ሳናየው የምናልፍበት ጊዜ አለን?

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ ፊልሙ ካበቃ በኋላ በደጃችን የምናገኘው ሰው ተዋናይ አይደለም፤ ረኃቡም እውነተኛ ነው። በመስታወት ላይ የተማርነው ሁለተኛ እይታ ፍሬ የሚያፈራው እርሱን ስናይ ነው። የቤተ ሳይዳውን ዕውር ዳግመኛ የዳሰሰ ጌታ የእኛንም ዓይኖች ይዳስስልን። አሜን።